የደረቀው ወንዝ ምስክር

ሠዓሊው በሰው አገር ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖር የሣለው አንድ ወንዝን፣ ያን ወንዝ የሚጠጡ ከብቶችንና በዳሩ ሣር የሚያጭዱ ሰዎችን ብቻ ነበር። በሥዕሎቹ ውስጥ ሣሩ አይጠወልግም፤ አጫጆቹ አይደክሙም፤ ላሞቹም አይከሱም። ይህ ባልከፋ። ክፉው፣ ገዢ እንዲወድለት ሲል በየሸራው ጀርባ የተሣለበትን ቀንና ዓመት አስፍሮ፣ «በትውልድ መንደሬ፣ ከወንዙ ዳር ተቀምጬ ሣልሁት» ብሎ መፈረሙ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታማ ወጌሻም የለው።

ያን ዕለት ጠዋት ታላቅ እኅቱ በሥራ ክፍሉ መካከል፣ ቀለም ከተንጠባጠበበት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። የመጣችው ሁለት ቀን ተጉዛ ሲሆን፣ የመመለሻዋ አውቶቡስ በስድስት ሰዓት ይነሣል።

«የወረዳችን የውኃ ሹም ከዚህ ያስገዛውን ሥዕልህን ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል» አለችው። «ጉድጓድ ቆፍሩልን ብንለው አውርዶ ጀርባውን አነበበልን። ‹ወንድምሽ አምና ከዳሩ ተቀምጦ የሣለው ወንዝ ዘንድሮ የት ሄደ?› አለኝ። ጉድጓዱን ለማዶ መንደር ሊሰጡት ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ይወስናሉ።»

«እትዬ፣ ሥዕል እኮ ሥዕል ነው።»

«ላንተ ነዋ። ወንዙ ከደረቀ ዘጠኝ ዓመቱ። ምራቴ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወጥታ የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። አንተ ላም አለኝ በሰማይ እያልክ ትኖራለህ፤ እኛን ግን ወተቷን ጠጥታችኋል እያሉን ነው። በል ጻፍ። አላየሁትም ብለህ ፈርም።»

ብዕሩን አነሣ። ከመጀመሪያው መሥመር ሳያልፍ የሥዕል ነጋዴው ገባ፤ ለነገው ትርኢት ዐሥራ አራት ሸራ ሊወስድ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ ነበር። እኅቱ የነጋዴውን ቋንቋ አታውቅም፤ ነጋዴውም የእርሷን አያውቅም። ሠዓሊው ወረቀቱን በክንዱ ሲሸፍን ነጋዴው አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀው፤ እርሱም ነገረው።

«ይህን ከፈረሙ ሸራዎቹ ከዚህ አይወጡም» አለ ነጋዴው፣ ድምፁን ሳያነሣ። «እኔ በቦታው የተሣለ ነው ብዬ ነው ለሰው የምናገረው። ‹ወንዙ ትንሽ ቀንሷል› ብለው ይጻፉላትና ይሸኟት። ማንበብ እንደማትችል እርስዎው ነግረውኛል።»

«ምን አለ?» አለች እኅቱ።

ሠዓሊው ወደ በሩ ተመለከተ። ተሸካሚዎቹ የመጀመሪያውን ሸራ አንሥተው ከበሩ ላይ ቆመዋል። የነጋዴውን ቃል አጣምሞ ቢተረጉምላት የሚመሰክርበት አልነበረም። «ቀንሷል» ብሎ ቢጽፍላትም አመስግና ይዛው ትሄድ ነበር፤ ሹሙ ግን ያነበዋል።

«ምን አለ እኮ ነው የምልህ?»

«እውነቱን ከጻፍህ ሥዕልህን አልወስድም አለ። ቀንሷል ብለህ አታልላት አለኝ።»

እኅቱ ነጋዴውን ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከተችው። «እሱስ ይሁን፤ ባዳ ነው» አለች። «አንተስ?»

ጻፈ፤ ፈረመም። ነጋዴው ተሸካሚዎቹን በዓይኑ ጠቀሳቸው። ሸራውን ግድግዳው ሥር አስደግፈው፣ ተከትለውት ወጡ።

«አንብብልኝ» አለች።

«ይህን ወንዝ ካየሁት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አምናም ከዳሩ አልነበርሁም። በሸራው ጀርባ የጻፍሁት ውሸት ነው። ስለ ወንዙ ሊጠየቁ የሚገባቸው፣ ከዚያው የሚኖሩት ናቸው።»

«ድገመው።»

ደገመው። እርሷም ወረቀቱን ከአራት አጥፋ ከደረቷ ሸጎጠችው።

«በል ቦርሳዬን ያዝልኝ» አለች፣ እየተነሣች። «አውቶቡሱ ይቀድመናል።»