ባለ ዘጠኝ ክፍሏ የባሕር ወለል ነዋሪ

ይህ ታሪክ ከነጭቃው እውነት ነው። ወላሂ ብያለሁ፤ ወላሂ የማይበቃው ካለ ማርያምን ብያለሁ፤ ሁለቱንም የማይቀበል ጓድ ከመጣ ደግሞ በሰፊው ሕዝብ ስም እምላለሁ። ከዋሸሁ የዘንድሮ ቡናዬ አበባው ሳይቋጥር ይርገፍ። አንድም የቡና እግር የለኝም፤ መሐላ ግን መሐላ ነው።

አብዱልሰመድ የጅማ፣ የጊንጆ ሰፈር ሰው ነው። ዘመኑ ሰባ አራት፣ ስኳር በወር አንዴ፣ ስብሰባ ግን በሳምንት ሦስቴ የሚታደልበት ዘመን ነበር። አብዱልሰመድ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የቡና መጋዘን ውስጥ ናሙና ሲለቅም ኖሯል፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነቀዝ የበላውን ለብቻ፣ ስባሪውን ለብቻ። ዓይኑ እንዲያ ስለሠለጠነ ከከተማው ኮሌጆች አንዱ ለላቦራቶሪ ቀጠረው። እዚያ የሚለቅመው ግን ቡና አይደለም፤ ጭቃ ነው። የባሕር ጭቃ።

ጭቃውን ያመጣችው መምህርት ሙሉእመቤት ናት። ኦዴሳ ተምራ ስትመለስ፣ ሌላው ምሩቅ ፍሪጅና ካሜራ ሲያስጭን፣ እሷ ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል፣ ከአራት ሺህ ሜትር ጥልቀት የተቀዳ ጭቃ በአሥራ አራት ጠርሙስ ይዛ መጣች። ጅማ ውስጥ ጭቃ የጠፋ ይመስል!

አብዱልሰመድ ጭቃውን በወንፊት ያጥባል፣ ያደርቃል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ፣ ሦስት ፀጉር ብቻ በቀረው ብሩሽ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ የባሕር ደቂቅ ፍጥረታት ዛጎሎች አንድ በአንድ ያነሳል። መምህርቷ ፎራሚኒፌራ ትላቸዋለች፤ እሱ "ልጆቹ" ይላቸዋል። የልጆቹን ኑሮ ለእህቱ ለፈድሊያ ቢያወራላት፣ "ታዲያ ይሄ የኛ ቀበሌ አይደል እንዴ?" አለችው።

እውነቷን ነው። ታች ፀሐይ የለም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቀለብ የሚወርደው ከላይ ነው። ላይ ፀሐይ ያለበት የሚኖሩት በልተውና ጠግበው ሲሞቱ ትርፍራፊያቸው እንደ ዱቄት እየበነነ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ሲቀማው፣ ሲቀማው፣ ታች የሚደርሰው ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። "ወረደ!" የተባለ ለት ጭቃው ላይ ያሉት ይሻማሉ። ጭቃው ውስጥ ጠልቀው፣ አየር ባነሰበት የሚኖሩት ወረፋ ይጠብቃሉ። ስብሰባ ግን የለባቸውም፤ በዚህ ይበልጡናል።

የአብዱልሰመድ ጣጣ ግን ከባሕር አልመጣም፤ ከቤቱ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው እሱ፣ ሚስቱና አራት ልጆቹ ይኖራሉ፤ በኋለኛው ባሏ የሞተባት ፈድሊያ ከስፌት መኪናዋ ጋር። የፈድሊያ ክፍል በሩ በጓሮ በኩል ነው። ይህን በር የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጎሳዬ አየው።

"የራሱ በር ያለው፣ የራሱ ቤት ነው" አለ። "አንድ ቤት ላይ ሌላ ቤት ከተገኘ ትርፍ ነው። ትርፍ ቤት ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ነው።"

በዚያ ሰሞን ሰፊው ሕዝብ ማለት የጎሳዬ ሚስት ወንድም ነበር፤ ከአጋሮ መጥቶ ማደሪያ ያጣ። ፈድሊያ ከዚያ ክፍል ከወጣች የምትገባበት የላትም። አብዱልሰመድ ክፍሉን ካስወሰደ እህቱን በገዛ እጁ ሜዳ ላይ ጣለ ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ቀርበህ ተከላከል ተባለ። ቅዳሜ መምህርቷ ዘንድ ሄደ።

"መምህርት፣ ያቺን በመስታወት የምትሠራዋን ማይክሮስኮፕ ለነገ አውሺኝ።"

"ምን ሊያደርጉባት ነው ጋሽ አብዱልሰመድ?"

"ምስክር ልቆጥርባት።"

"አንዲት ብሎን ብትጠፋ ቤትዎን ሸጠው ነው የሚከፍሉኝ!"

"ቀድመው ካልወሰዱብኝ።"

ሳቀችና አዋሰችው። ራሷ ግን አልመጣችም፤ የተማረ ሰው ከቀበሌ አዳራሽ መራቅን ያውቃል።

እሑድ ማይክሮስኮፗን ከጥቂት ዛጎሎች ጋር በቀበሌው አዳራሽ መስኮት ሥር አስቀምጦ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዞረ። ጎሳዬ ኮፍያውን አውልቆ ዓይኑን ደቀነ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቤት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከኖራ የተሠራ።"

"ስንት ክፍል?"

"ዘጠኝ።"

"ስንት ቤተሰብ አለበት?"

"ብቻዋን ናት።"

ጎሳዬ ቀና ሲል ዓይኑ ዙሪያ ክብ ማህተም ወጥቶበታል። "ዘጠኝ ክፍል ለአንዲት ነፍስ? የትርፍ ቤት አዋጁ ከወጣ ሰባት ዓመቱ እኮ ነው! የት ቀበሌ ነው የምትኖረው ይቺ አድኃሪ?"

"ሕንድ ውቅያኖስ።"

"ለአውራጃው ሪፖርት ይደረግ!" ደግሞ አጎነበሰ። "አንዳንዶቹ ለምን ቀሉ?"

"ቀለም ጨምረንባቸው ነው ጌታዬ። ጭቃው ሲቀዳ በሕይወት የነበረችው ትቀላለች፤ ነጭ ሆና የቀረችው ባዶ ቤት ናት።"

"ሰማችሁ? ቀዩ ነው ሕያው! ጻፉት!"

አዳራሹ አጨበጨበ። ቀይ የነካው ሁሉ ሕያው ሆኖ እንዳልቀረ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ቢሆንም አጨበጨበ።

የቤቶች ኮሚቴው ጸሐፊ አባቦራ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ብዕራቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። "ማል ጄቹዳ፣ ልጄ? ምን ማለት ነው? ዘጠኝ ክፍል ይዛ እንዴት አንድ ቤት ትባላለች?"

አብዱልሰመድ የሚጠብቀው ይህንን ነበር።

"አባቦራ፣ ስታድግ ይጠባታል። ሲጠባት አሮጌውን ጥላ አትሄድም፤ አዲስ ክፍል ትቀጥላለች። በየግድግዳው ላይ ቀዳዳ አለ። ሥጋዋ አንድ ጠብታ ነው፤ በቀዳዳው እየፈሰሰ ከክፍል ክፍል ይዘልቃል። ቀለብ የምትለቅመው እንደ ክር በቀጠነ እግሯ በደጅ ክፍል በኩል ነው፤ የተለቀመው ውስጥ ድረስ ይገባል። ቀዳዳውን ቢደፍኑባት ጓዳዋ በረሃብ ያልቃል። እና ቤቷ በክፍል አይቆጠርም፤ በቀዳዳው ነው አንድ የሆነው።"

"ኧረ ደንቡም ይህንኑ ነው የሚለው" አሉ አባቦራ። "በውስጥ የሚገናኝ አንድ ቤት ነው።"

ጎሳዬ ፈገግ አለ። "ያንተስ በውስጥ ይገናኛል?"

አይገናኝም። ግድግዳው ድፍን ነው። አብዱልሰመድ ግን አፉ ቀደመው። "ቀዳዳ አለው።"

"ነገ ሦስት ሰዓት መጥተን እናየዋለን።"

ቤቱ ገብቶ መዶሻ ሲያነሳ ፈድሊያ ጮኸች። "ያ ረቢ! ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ቤት እያዋሐድኩ ነው። መኪናሽን አሽሺ።"

ምርጊቱ ተንዶ ሲያልቅ ሁለት ቋሚ እንጨት ብቅ አለ። አንዱ ከተቆረጠ ጣሪያው ይመጣል፤ ስለዚህ መሹለኪያው በሁለቱ መሐል ብቻ ሆነ፤ ለፍየል የሚበቃ፣ ለበሬ የማይበቃ። ጎሳዬ ደግሞ የቀበሌውን ሱቅ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ስለሆነ ወደ በሬው ያደላል።

ሰኞ ልክ በሦስት ሰዓት፣ የመጨረሻው የፍርስራሽ ቁና ሲወጣ፣ ኮሚቴው ከች አለ። አባቦራ የቀዳዳውን ጠርዝ ነኩ። እርጥብ ነው። ጣታቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ላይ ጠረጉና፣ "የቆየ ቀዳዳ ነው" አሉ።

"ሰው የማያልፍበት ቀዳዳ ስንጥቅ ነው" አለ ጎሳዬ።

ፈድሊያ ቀሚሷን ሰብስባ ሾልካ ወደ ክፍሏ ገባች።

"እሷ ቀጭን ናት፤ ማስረጃ አትሆንም። እኔ ራሴ አጣራለሁ!"

መሪ በጭንቅላት ይመራልና በጭንቅላቱ ገባ። ትከሻው አለፈ። ቀኝ እጁ አለፈ። ሆዱ ጋ ሲደርስ አብዮቱ ቆመ። ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል።

"እንኳን ደህና መጡ ጓድ ሊቀመንበር" አለች ፈድሊያ ከስፌት መኪናዋ ኋላ። "ሻይ ላፍላ?"

"አውጪኝ አንቺ!"

"ከየትኛው ቤት ላውጣዎት? ከኔ ነው ከወንድሜ?"

በፊተኛው ክፍል አባቦራ ከሊቀመንበሩ መቀመጫ ፊት ለፊት በርጩማ ስበው ተቀመጡና ቃለ ጉባኤ ዘረጉ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ለመዝገቡ ነው፤ አሁን ስንት ቤት ውስጥ ነው ያሉት?"

"ምን?" ድምፁ ከግድግዳው ማዶ መጣ።

"ሁለት ቤት ከሆነ፣ ባል የሌላት ሴት ቤት ግድግዳ ነድለው ሲገቡ ተገኝተዋል ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቤት ከሆነ ግን የአብዱልሰመድ እንግዳ ነዎት፤ እንጎትትዎታለን።"

ጎሳዬ እግሩን ሁለቴ አወራጨ።

"አንድ ነው።"

"ጮክ ይበሉ፤ ሰውነትዎ ድምፁን አፍኖብናል።"

"አንድ ቤት ነው! ምን አባቱ!"

"'ምን አባቱ' የሚለውም ይግባ?"

አሁን ፊርማ ቀረ። ፊርማ የሚያውቀው እጅ ፈድሊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማህተሙ ደግሞ በሱሪው የኋላ ኪስ፣ አብዱልሰመድ ክፍል ውስጥ። ወረቀቱ በጎድኑ በኩል ሾልኮ ሄደ፤ ፈድሊያ የስፌት መኪናዋን ክዳን አስደግፋ አስፈረመችው፤ በዚያው በጎድኑ በኩል ተመለሰ። አባቦራም ማህተሙን ከኪሱ መዝዘው፣ ሌላ ጠረጴዛ ፍለጋ ሳይደክሙ፣ እዚያው የሊቀመንበሩ መቀመጫ ላይ አስደግፈው ኳ አደረጉት።

ከዚያ አብዱልሰመድና አንድ የኮሚቴ አባል እግሩን ይዘው ሳቡት። ሲወጣ ከሸሚዙ ሦስት ቁልፍ ጎድሎ ነበር፤ ፈድሊያ በነጻ ተከለችለት። ከአጋሮ የመጣው የሚስቱ ወንድም ደግሞ እዚያው ጎሳዬ ዘንድ ገባ፤ እዚያም ሦስት ክፍል ነበረ፣ በውስጥ የሚገናኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ምያለሁና አንድ ነገር ልናዘዝ። ኮሚቴው ልክ በሦስት ሰዓት መጣ ያልኩት ፈጠራዬ ነው። የመጣው ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ በሰዓቱ መጥቶ ቢሆን አብዱልሰመድ ግድግዳውን ነድሎ አይጨርስም ነበር። የቀረው ሁሉ እውነት ነው።