ኮፈኑ ላይ የታሰረው አበባ

አባቴ ጠሃ፣ ቱርቦ መኪና እንዳለው ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም። ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቢያነሱበት እንኳ ዞሮ ዞሮ ወደ መኪናው ይመጣል። እህቴ ረይሐና ወደ ካምባ ስትዳር ታዲያ፣ የሙሽራ አባት ቤቱ መቅረት ሲገባው፣ "መኪናዬን ብቻዋን አልልክም" ብሎ ከፊት ወንበር ተሰየመ። እኔና ሙሽራዋ ከኋላ ነበርን።

ጠዋት ሾፌራችን ጋሻዬ መኪናውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አባቴ ኮፈኑ ላይ ያለችውን የአየር መግቢያ በፕላስቲክ አበባ ጠቅጥቋታል፤ ከራዲያተሩ ፊት ደግሞ የሱቃችን ስም ያለበትን ባነር ወጥሮ አስሯል።

"ጋሽ ጠሃ፣ ቱርቦው የጨመቀው አየር ይግላል። የሚያበርድለት በዚች ቀዳዳ የሚገባው ንፋስ ነው። ባነሩም ራዲያተሩን ያፍነዋል። ለከተማው ይሁን፣ ዳገቱ ጋ ስንደርስ እንፍታው።"

"የካምባ ሰዎችስ ምን ይዩ?" አለ አባቴ። "አንተ ዝም ብለህ ንዳ።"

ነዳ። ዳገቱን እንደጀመርን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መውጣት ያዘ። ጋሻዬ እንቁም ብሎ ለመነ። አጃቢዎቹ ከኋላ ክላክስ እያስጮሁ ስለነበር አባቴ መቆሙን እንደ ውርደት ቆጠረው። ጋሻዬም ሲቸግረው የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ለመሳብ ነው። በዚያ ፀሐይ፣ ከነሙሉ ልብሷ በተቀመጠች ሙሽራ ላይ ትኩስ ንፋስ ሲነፋባት አስቡት። ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። በመሐረብ ብጠርግላት ይባስ ተዝረከረከ። ታልቅስ አታልቅስ አላውቅም፣ ላቡና እንባው አይለይም ነበር።

በመጨረሻ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተንፎለፎለ። ጋሻዬ ዳር ይዞ ቆመና፣ "ሞተሩ ትንሽ ይዙር፣ እንደጋለ ከጠፋ ቱርቦው ይቃጠላል" ከማለቱ፣ አባቴ እጁን ሰዶ ቁልፉን አጠፋው። ከዚያ በኋላ አልነሳም።

የአጃቢዎቹ መኪኖች ጢም ብለው ሞልተው ስለነበር መንገድ ዳር ቆመን ቀረን። ብንዘገይባቸው የሙሽራው አባት ሐጂ ሚፍታ ራሳቸው ሊፈልጉን መጡ። መኪናቸው ከሩቅ ሲታይ አባቴ ተሯሩጦ አበባውንና ባነሩን ፈታና ከወንበር ስር ወሸቃቸው። አየሁት። ለእሱ እኔ አፈርኩ።

ሐጂ ሚፍታ የረይሐናን ፊት ሲያዩ ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ።

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ሾፌሩ ነዋ" አለ አባቴ። "መኪናውን ሳይፈትሽ ወጥቶ!"

ሐጂ ወደ ጋሻዬ ዞሩ። "ያውም ሙሽራ ይዘህ? እንዳንተ ያለ ሰው መሪ መጨበጥ የለበትም።"

ጋሻዬ አባቴን አየው። አባቴ መሬት መሬት ያያል። አጃቢው ሁሉ እየሰማ፣ "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ ጋሻዬ።

"ይሁን፣ ይቅር ብለንሃል" አለ አባቴ።

ይቅር ባዩ እሱ ሆኖ አረፈው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ረይሐና ወደ ሐጂ መኪና ልትዛወር ሆነ። እኔና አባቴ ከተበላሸው መኪና ጋር መቅረታችን ስለሆነ አባቴ ሊመርቃት ሁለት እጁን ዘረጋ። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ማለት ነበረባት። አላለችም። ሙሽራ አማቶቿ ፊት ድምፅ አታሰማም፤ እሷ ግን ቀስ ብላ፣ "አባ፣ መጀመሪያ ጋሻዬን ይቅርታ ጠይቀው" አለችው።

አባቴ ወደ ሐጂ ገልመጥ አለ። እጁ ግን እንደተዘረጋ ነበር። ጠበቀችው። ከዚያ ዞር ብላ መኪናው ውስጥ ገባች፣ በሩም ተዘጋ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሙባረካ፣ ሐጂ ሰምተዋት ይሆን?"

ሐጂ እንዳልሰሙ አውቃለሁ፤ ራቅ ብለው ጓዝ ያስጭኑ ነበር።

"አዎ፣ ሰምተዋታል" አልኩት።