ወርቂቱ ያልጠየቀችው

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመካነ ሰላም መናኸሪያ ገና በጉም እንደተሸፈነ፣ ወርቂቱ መድን ሻጩን ሁዜይፋን በጥያቄ ወጥራ ይዛው ነበር። ልጇ አልታየች ደሴ የጤና ኮሌጅ ልትመዘገብ ነው፤ እናት አብራት ትሄዳለች። ሁዜይፋ ከትኬቱ ጋር የሚሸጠው የጉዞ መድን አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ሌላው ተሳፋሪ ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። እሷ ግን አሥረኛ ክፍል የደረሰች፣ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታያት ሴት ናትና መንገድ ዘግታ ትጠይቃለች።

መኪናው ቢገለበጥስ? ይሸፍናል። ገደል ቢገባስ? ይሸፍናል። ናዳ ቢጫነው፣ ጎርፍ ቢወስደው፣ ከሌላ መኪና ቢላተም፣ ሁሉንም ይሸፍናል፤ ሕክምናውንም እስከ አዲስ አበባ ድረስ።

«እትዬ ወርቂቱ፣ እኛ መንገደኛ እንሸኛለን እንጂ ቀብር አናስፈጽምም» አላት። ወረፋ የያዙት ሳቁባት።

አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። በዚያ ሰሞን በዚያ መንገድ ሰው የሚፈራው ገደሉን አልነበረም። ያንን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ግን ሟርት ነው፤ ክፉ ነገር በስሙ ከተጠራ አቤት ይላል። ጎረቤቶቿ ሟርተኛ ይሏታልና በልጇ መንገድ ላይ ምላሷን ነከሰች። ሁዜይፋም የወረቀቱን ጀርባ አላነበበላትም። በማለዳ ለመንገደኛ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያነባል? አላህ በሰላም ያግባችሁ ብሎ ሸኛቸው።

አልታየች ጋቢና፣ በሹፌሩ በምንይችልና አራጌ በሚባል እህል ነጋዴ መካከል ተቀመጠች። ወርቂቱ ከሹፌሩ ጀርባ ሆነች። የአቀስታን ከተማ እንዳለፉ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ከኋላ ያሉት ተኝተዋል፤ ቴፑ ይጮኻል። ወርቂቱ ዓይኗን ከመንገዱ ብትነቅል መኪናው ወዲያው የሚወድቅ ይመስላት ነበርና አልነቀለችም። ስለዚህ ከጉሙ ውስጥ ሦስት ጠመንጃ የደገኑ ሰዎች ሲወጡ አየች። የማን ወገን እንደሆኑ አላወቀችም። አንደኛው እጁን አንስቶ አቁም አለ።

ምንይችል ባለፈው ወር እዚያው ቦታ በቆመው መኪና ላይ የደረሰውን ያውቃል። ነዳጅ ሰጠ። በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ በሌላው የአልታየችን ራስ ወደ ታች ተጭኖ፣ «ጎንበስ በሉ» አለ። ያኔ ተኮሱ። በጎኑ ያለው መስታወት ረገፈ፤ ስብርባሪው ዓይኑ ውስጥ ገባ። በደም የታወረው ሰው መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናው ከመንገድ ወጣ።

ሦስት ጊዜ ተገለበጠ። ሰው በሰው ላይ እንደ ጆንያ ተከመረ። ወርቂቱ አጥንት ሲሰበር በጆሮዋ ሰማች፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው፤ የማን አጥንት እንደሆነ ግን መለየት አልቻለችም። መኪናው በጎኑ ተኝቶ ሲቆም ቴፑ አሁንም ይዘፍን ነበር። አራጌ ከበሩ ብረት ጋር ተጣብቆ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዟል። ምንይችል መሪው ደረቱ ውስጥ ገብቶ ጥቂት የደም አረፋ ተፋና ዝም አለ። አልታየች ትጮኻለች። የቅልጥሟ አጥንት ሱሪዋን ቀዶ ወጥቷል፤ ቁርጭምጭሚቷ ከታጠፈው ብረት ሥር ገብቷል። ከኋላ የተረፉት ወንዶች ብረቱን በጎማ መፍቻ ፈልቅቀው ሲያወጧት፣ ወርቂቱ የልጇ ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ የሞተች መስሏት የራሷን ፊት ቧጨረች።

አልሞተችም። ማታውን ደሴ ሆስፒታል ሐኪሙ አጥንቱ ደቅቋል፣ አፈርም ገብቶበታል አለ። በአራት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ልዩ ቀዶ ሕክምና ከሚሠራበት የግል ሆስፒታል ከደረሰች እግሩ ይተርፋል፤ ካልደረሰች የቁስሉ መርዝ ሳይገድላት መቆረጥ አለበት። ወርቂቱ በጡቷ መካከል የሸጎጠችውን ወረቀት አወጣች። መድን አለኝ አለችው። ሐኪሙም የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ ካስላከች በማግስቱ እንደሚሸኛት ነገራት።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጀርባውን አነበበች። አንቀጽ አሥራ አንድ፤ ከጦርነት፣ ከሁከት ወይም ከታጣቂዎች ጥቃት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚደርስ ጉዳት በዚህ ውል አይሸፈንም። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። መገልበጡ ይሸፈናል፤ ያስገለበጠው ግን አይሸፈንም።

ሁዜይፋ ጋ ደወለች። የሆነውን ሰምቶ፣ ድርጅቱ የሚያምነው የትራፊክ ፖሊሱን ቃል መቀበያ ነው አላት። የኋላዎቹ ተኝተው ነበር፤ የነቁትም ተኩሱ ድንጋይ ነው የመሰላቸው። አልታየች የምታስታውሰው የለም። ያየች እሷ ብቻ ናት።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ሁዜይፋ። «ግን እንቅልፍ የጣለው ሹፌር ይሸፈናል።»

ጠዋት ፖሊሱ መጣ። ሹፌሩ እንቅልፍ ይጥለው ነበር፣ በፍጥነትም ይነዳ ነበር አለችው። ጻፈ። እሷም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ፈረመች። ሙት አይከሰስም ብላ ራሷን አጽናናች።

ሙት አይከሰስም፤ ወንድም ግን አለው። በአገሩ ልማድ በቸልታ የፈሰሰም ደም ደም ነው። ሽማግሌ ገብቶ ጉማው፣ የደም ካሳው፣ እስኪያልቅ የገዳይ ወገን በሟች ወገን ዓይን አይታይም። የምንይችል ወንድም ኪዳን ስለተጻፈው አልሰማም። ሬሳ ሊወስድ መጥቶ አስከሬን ክፍሉ ደጃፍ የአራጌን ወንድም ቸኮልን ሲያገኘው፣ ሁለታችንም በአንድ ቀን ጎደልን ብሎ፣ እግዜር ያጥናህ ሊለው እጁን ዘረጋለት። ቸኮል ከፖሊሱ ሰምቶ ጨርሶ ነበር።

የመጀመሪያው ዱላ የተዘረጋውን እጅ ሰበረው። ወርቂቱ ከላይ በመስኮት አየች። ሁለተኛው ትከሻውን፣ ሦስተኛው ጆሮ ግንዱን መታው። ዘበኛ ይደርሳል አለች በልቧ። ዘበኛው ከቸኮል ጋር የመጡትን ስድስት ሰዎች አይቶ ወደ በሩ ሸሸ። ሽማግሌ ይገላግላል አለች። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ለመኑ፤ ረግጠውት አለፉ። ኪዳን በጉልበቱ ወደቀ። በደህናው እጁ ራሱን ሲሸፍን ጣቶቹን መቱት። እንደ ጭራሮ ነው ድምፁ። ቸኮል ዱላውን ጥሎ ካራ መዘዘ፤ የኪዳንን ፀጉር ይዞ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለበሰው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ካራውን የያዘውን ክንድ በሁለት እጇ ተጠመጠመችበት።

«ወንድምህን የገደለው ጥይት ነው» አለችው።

ቸኮል ወረወራትና አገጯ ከግድግዳው ተላተመ። «አንቺ ማነሽ ደግሞ?»

«ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጥኩት ነኝ።»

«ተኝቶ ነው ብለሽ የፈረምሽው?»

«ዋሽቼ ነው። ሦስት ሰዎች ተኩሰውበት ነው። እሱ ራሷን ወደ ታች ባይጫን ልጄም አትተርፍም ነበር።»

በእርግጫ ጎኗን አላት። አፏ በደም ተሞላ፤ ጥርሷን ተፋች። ለምን ዋሸሽ ሲላት፣ ለልጄ እግር አለችው። ይህን እንዳለች ኪዳን ያለ ድምፅ ማልቀስ ጀመረ። ቸኮል ካራውን ወደ አፎቱ አልመለሰውም፤ ግን ፀጉሩን ለቀቀው። እዚያው ከሬሳው ክፍል ደጃፍ ተቀመጠና ማንን ልግደል ታዲያ ብሎ ሰዎቹን ይጠይቅ ጀመር።

ፖሊሱ ሲደርስ ወርቂቱ ቃሏን እንደገና አስጻፈች። በሐሰት ቃል ትጠየቂያለሽ አላት። እሺ አለችው። ሁዜይፋ ከሰዓት በኋላ ደወለ፤ የዋስትናው ደብዳቤ ቀርቷል። ጀርባውን ሳላነብልሽ ቀረሁ ሊላት ጀምሮ ሳይጨርሰው ዘጋ።

ዘመድ አዝማድ ሁለት ቀን ተሯሯጠ፤ የተገኘው ገንዘብ አዲስ አበባ ለሚያደርሳት መኪና እንኳ አልበቃም። በአራተኛው ቀን የአልታየች ትኩሳት ናረ። ነርሷ ብርድ ልብሱን ገለጠችው፤ እግሩ ጠቁሯል። አልታየች ነቅታ ጣሪያውን ታያለች። እናቷ ሁሉንም ነግራታለች። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ከጉልበቷ በላይ መስመር አሰመረ።

ወርቂቱ ባበጠ አፏ፣ «ትንሽ ዝቅ አይልም ዶክተር? ጉልበቱን እንኳ» አለችው።

ሐኪሙ እግሩን ሁለት ጊዜ ዳሰሰ፣ አሸተተ። ከዚያ መስመሩን በአልኮል ጥጥ ጠርጎ ከጉልበቷ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ አሰመረው። መርዙን እዚህ ላይ ከያዘልን ነው አላት። የቀዶ ሕክምናውን የስምምነት ወረቀት አቀበላት፤ ሁለቱንም ገጽ አነበበችና ፈረመች።