የግራ ዓይን ልኬት

ውብአለም የምትሠራበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ዳውንታውን ባለ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ድቅድቅ ይላል፣ ማሽኑም የሚፈልገው ጨለማ ነው። ታማሚው አገጩን አስደግፎ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ቀጭን የሌዘር ብርሃን ወደ ዓይኑ ይልክና ከብሌኑ ፊት ያለው ፈሳሽ ምን ያህል እንደደፈረሰ ይለካል። ዓይን ሲቆጣ ፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲን ይገባበታል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ጤነኛ ዓይን አምስት ወይም ስድስት ያሳያል።

ጥናቱ ሬቲናቸው የተላቀቀባቸውን ሰዎች የሚመለከት ነበር። ሬቲና ከዓይን ጀርባ የተለጠፈ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ሲላቀቅ በቀዶ ጥገና መልሰው ይለጥፉታል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ጠባሳ ይወጣና ስቦ ዳግመኛ ያላቅቀዋል። ቁጥሩ ይህ በማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ ይናገር እንደሆነ ገና አልታወቀም። እስኪታወቅ ድረስ ለታማሚውም ለቀዶ ሐኪሙም አይነገርም፤ ደንቡ እንዲህ ነው።

አቶ ገብረእግዚአብሔር በፈረንጆቹ 2012፣ በሚያዝያ መጀመሪያ መጡ። ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አንድ ላውንድሪ ቤት ልብስ የሚያጠብቡና የሚያሳጥሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። አሁን የተላቀቀው የግራው ነው። የፈቃድ ወረቀቱን የተረጎመችላቸው ውብአለም ናት። ውጤቱ አይነገርዎትም የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆሟት።

«ለእኔ ካልነገራችሁ ለማን ነው የምትለኩት?»

ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት አለቻቸው። ትንሽ አሰቡና ፈረሙ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ሐኪሙ ሬቲናውን ለጥፎ፣ ደግፎ እንዲይዘው ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ሞላበትና አንድ ሳምንት በግንባራቸው ተደፍተው እንዲተኙ አዘዛቸው። በሳምንቱ ሲመጡ አንገታቸው አልዞር ብሏቸው ነበር። ሰባት ቀን የምንጣፉን ክር ሳይ ሰነበትኩ፣ ሰው ሲመጣ የማውቀው በጫማው ነው ብለው አጫወቷት። ቁጥሩ ሠላሳ አራት ሆነ። እሷም አልደነገጠችም፤ ቢላ የነካው ዓይን መቆጣቱ ያለ ነው።

የፈራችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን ሰኞ ነበር። በማግስቱ አቶ ገብረእግዚአብሔር ወደ ዊኒፔግ በባቡር ሊሄዱ ትኬት ቆርጠዋል፤ አንድያ ልጃቸው ሐሴት ቅዳሜ ትዳራለች። ጋዙ ገና ስላልጠፋ፣ ከፍታ ላይም ስለሚያብጥ፣ አውሮፕላን ክልክል ነው። ሐኪሙ ጠዋት አይቷቸው ሬቲናው እንደተለጠፈ ነው፣ በባቡር መሄድ ይችላሉ ብሏል። ሱፋቸውን ራሳቸው አጥብበው፣ ትኬቱን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ደስ ብሏቸው ነበር የተቀመጡት።

ውብአለም ለካች። ሠላሳ አንድ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። እስካሁን ወደ አሥር ገደማ መውረድ ነበረበት። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ቁጥር ሦስት ሰዎች ላይ አይታለች፤ የሁለቱ ሬቲና በወሩ ተመልሶ ተላቋል። አቶ ገብረእግዚአብሔር ላይ ይህ ቢደርስ የሚደርሰው ከሐኪማቸው ሁለት ቀን ርቀው፣ ሠርግ ቤት ውስጥ፣ ባላቸው አንድ ዓይን ነው።

አንድ ጊዜ ልውጣ ብላ ወደ ጥናቱ አስተባባሪ ወደ ሊንዳ ሄደች። ሊንዳ አልተቆጣችም። ቁጥሩ ምን እንደሚል ብናውቅ ኖሮ ጥናቱ ባላስፈለገ ነበር፤ ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ ፈቅዷል፤ አንቺ ምንም እንዳትዪ አለቻት። ትክክል ነበረች። ውብአለም አዲስ አበባ የዓይን ሕክምና ነርስ ነበረች፤ እዚህ ግን ይህን ወንበር ለማግኘት አራት ዓመት የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሠርታለች። ተመልሳ በሩን ዘጋች። መናገርም አለመናገርም አንድ ዓይነት ወንጀል ሆነባት።

አቶ ገብረእግዚአብሔር አገጫቸውን ከማሽኑ ላይ አንሥተው ነበር።

«ቆየሽ» አሉ። «ቁጥሩን አልጠይቅሽም፤ ፈርሜያለሁ። ግን አባትሽ ብሆን ነገ ትሸኚኝ ነበር?»

ምንም ብትመልስ ቁጥሩን እንደመንገር መሆኑ ታውቋታል።

«አልሸኝዎትም ነበር» አለች።

ቀሩ። ሐሴትን አጎቷ ዳራት። እሳቸው ምርቃቱን በስልክ ተናገሩ። ውብአለም ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሬቲናው ተላቆ የመጡ ይመስላት ነበር። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔም ተጋመሰ፤ አልመጡም።

የመጨረሻው አፖይንትመንታቸው በሐምሌ ነበር። ለካቻቸው። ሰባት አለ። ሐኪሙም ድነዋል ብሏቸው ኖሯል። አቶ ገብረእግዚአብሔር ተነሥተው ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጣ ያዘቻቸው። አንቺ ባትኖሪ ታውሬ ነበር አሏት። የሰፉላትን ቀሚስ ከፌስታል አወጡ። ቀጥለው ስልካቸውን አወጡና ለሐሴት ኮል አደረጉ።

ልጅቷ ከሠርጉ ወዲህ በቅጡ አታናግራቸውም። ሙሽራው ፈረንጅ ስለሆነ ነው የቀሩት ብላ ደምድማለች። ሐኪም ከለከለኝ ቢሏትም አላመነችም። «አንቺ ንገሪያት» ብለው ስልኩን ለውብአለም ሰጧት።

«ዶክተሩ ነው ትራቭል እንዳያደርግ ያለው?» ሲል የሐሴት ድምፅ መጣ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አባትየው ፊት ለፊቷ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቀሚሱ ጭኗ ላይ ነው።

«አይደለም» አለች ውብአለም። «ዶክተሩ ፈቅዶላቸው ነበር። እንዳይሄዱ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንድ ቁጥር አይቼ ፈራሁ። ፍርሃቴ ስህተት ነበር። ዓይናቸው የዳነው እዚህ በመቅረታቸው አይደለም።»

ሐሴት ጠየቀች። «ታዲያ ሊመጣ ነበር?»

«ትኬቱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።»

ልጅቷ አባቴን አገናኚኝ አለች። አቶ ገብረእግዚአብሔር ስልኩን ተቀብለው፣ ውብአለምን ሳያዩ፣ በሩን ከፍተው ወጡ።

ያኑ ዕለት ለሊንዳ ሁሉንም ነገረቻት። የአቶ ገብረእግዚአብሔር ልኬት ከጥናቱ ወጣ። እሷንም ከማሽኑ አንሥተው መዝገብ ክፍል አስገቧት። ቀሚሱን አልለበሰችውም፤ መመለስም አልቻለችም።

በመስከረም ደወሉላት። ጋዙ ጠፍቷልና በአውሮፕላን ወደ ዊኒፔግ ሊሄዱ ነው፤ ሐሴት ናት ትኬቱን የላከችው።

«ቂም አልያዝኩም» አሏት። «ዕውነቱን ባትነግሪያት ልጄን አጥቼ እቀር ነበር። ግን ያ ቀን አይመለስልኝም፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።»

ይገባኛል አለቻቸው። ደኅና ይግቡ ብላ ልትመርቃቸው ስትል ስልኩ ተዘግቶ ነበር።