የቀይ ትሉ ውሃ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ትል እቆጥራለሁ እላለሁ። ይስቃሉ። አቦ ይሳቁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ከሀርጌሳ ወጣ ብሎ፣ ከአያሃ ሰፈሮች ማዶ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ማሳዎች መሃል የሚያልፍ ትንሽ ጅረት አለ። መረብ ይዤ እገባና ጭቃውን በእግሬ አተራምሳለሁ፤ መረቡ የያዘውን ነጭ ትሪ ላይ ገልብጬ እለቅማለሁ። በውስጡ ምን ዓይነት ነፍሳት እንዳሉ አይቶ ጅረቱ ጤነኛ ነው፣ አይደለም የሚለው አለቃዬ ናጂብ ነው። እሱ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ እኔ ፈርዶውሳ ድሬዳዋ ያደግኩ፤ ስንጣላ በአማርኛ ነው የምንጣላው።

ሀሊማን ያገኘኋት በመጀመሪያው ቀን ነው። ከወሎ መጥታ፣ ጅረቱ ዳር ቁራሽ መሬት ተከራይታ ሰላጣና ቆስጣ ታበቅላለች፤ ባሏ ኢዘዲን ዋሄን ገበያ ተሸካሚ ነው። የሦስት ዓመቷን ሱሀይላን አዝላ አጠገቤ ቆመች። አማርኛ ስናገር ስትሰማ ዘመድ ያገኘች ያህል ደስ አላት። ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ወሬ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል!

ውሃም እንደ ሰው ይታመማል አልኳት። ውሃ ሲሞት ውስጡ ያሉት ነፍሳትም ያልቃሉ፤ ነፍሳት ካሉበት ግን ሕይወት አለው ማለት ነው። ሀሊማ ጎንበስ ብላ ትሪውን አየች። ቀይ ትል ሞልቶት ይርመሰመሳል። ይኼ ሁሉ ብላ አልሐምዱሊላህ አለች።

የቀረውን ልንገራችሁ። ቀይ ትል ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚተርፍ ነው፤ እሱ ብቻውን ከሞላ ውሃው ተበላሽቷል። ንጹሕ ውሃ የሚወዱት፣ ባለ ሦስት ጅራቶቹ እጮች፣ ለምልክት እንኳ አልነበሩም። ከማሳዎቹ በላይ ጠዋት ጠዋት ከብት የሚታረድበት ግቢ አለ፤ ደሙም ፈርሱም ወደ ጅረቱ ነው የሚፈሰው። ይህን ልነግራት ስል ናጂብ ከመኪናው ክላክስ አደረገ። ፀሐዩ ከሯል፣ እኔንም ርቦኛል። ሌላ ቀን እነግራታለሁ ብዬ ሮጥኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ግን የባሰው ሳይወጣ የቀረው ነው።

ቢሮ ስንገባ ናጂብ ለጅረቱ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠው። ለገበሬዎቹ እንንገራቸው አልኩት። ሪፖርቱ ሳይጸድቅ አይነገርም አለኝ፤ ሰው ይደነግጣል፣ አትክልታቸውን የሚገዛቸው ያጣሉ። ደግሞስ ያን ውሃ ማን ይጠጣዋል? እውነቱን ነበር፤ ሁሉም የሚጠጡት በአህያ ጋሪ የሚመጣውን ገዝተው ነው። እኔም ነገሩን ተውኩት። ወላሂ፣ እንዲያውም ቀለለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ለሁለተኛው ሳምፕል ስንመለስ የሀሊማ ደጅ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ተቀምጧል። ሱሀይላ ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነው። ተቅማጥና ትውከት ነው አሉኝ፤ ሐኪም ቤት እስክትደርስ አልቆየችም። ኢናሊላሂ ብዬ ከሀሊማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ገና ምንም ሳትነግረኝ የእኔን ወሬ ጠርጥሬያለሁ።

እሷ ግን እኔን አልጠረጠረችም። ጅረቱ ሕይወት አለው ካልሽን ወዲህ የጋሪውን ውሃ ትተናል አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቷ ትሉን ስታይ አልጠጣም ብላ አስቸገረችኝ፤ በነጠላዬ አጠለልኩላት። ነፍሳቱን ባላወጣባት ኖሮ ትተርፍልኝ ነበር?»

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብዬ ልሸሽ አሰብኩ። ማንም አይፈርድብኝም ነበር። እሷ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ በዚያች ነጠላ ራሷን ስትከስ ልትኖር ነው።

«ማጥለልሽ አይደለም» አልኳት። «ያ ትል የሚኖረው የተበላሸ ውሃ ውስጥ ነው። የገደላት ውሃው ነው። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ፤ ግማሹን ነግሬሽ ሄድኩ።»

እጄን ለቀቀችው። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ በወደድኩ። ወደ ታች፣ የሌሎቹ ስደተኞች ቤቶች ወዳሉበት አየችና ተነሣች። ከዳሚ ሰፈር ለተዚያ የመጡት ዘመዶቿ ቁጭ በይ ብለው ያዟት፤ አስለቀቀቻቸው።

«የጅረቱ ውሃ ይጠጣል ብዬ ሰባት ቤት ነግሬያለሁ» አለች። «ሁሉም ልጅ አላቸው። እኔ ብነግራቸው ሐዘኑ ነው የሚያናግራት ይሉኛል። ነይ፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

ተከተልኳት። በመጀመሪያው ቤት አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ውሃ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ለቅሶ ሳትደርስ የቀረችው ለዚህ ኖሯል። ከትናንት ጀምሮ የሰጠሁት ሁሉ አልረጋ አለው አለችን። ሀሊማ ማንኪያውን ቀምታ ልጁን አቀፈችና ወደ ናጂብ መኪና ሮጠች፤ እናትየው ከኋላዋ። እኔ የቀሩትን ስድስት ቤቶች ለማዳረስ ወደ ታች ወረድኩ።