ክንፋሙ ንጉሥ በስንተኛው ቀን ይነሣል

1.

«በሦስተኛው» የሚለውን ሰርዤ «በአርባኛው» ብዬ ጻፍኩ።

2.

ሥራዬ የልጆች ካርቱን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። በዚህኛው ተከታታይ ፊልም የጥፋት ውሃ አለ፣ መርከብ አለ፣ ወንድሙን የገደለ ወንድም አለ። በመጨረሻው ክፍል ክንፋሙ ንጉሥ ይሞትና በሦስተኛው ቀን ይነሣል። የስቱዲዮው ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ደነገጡ።

«ትርሲት፣ በጌታ ትንሣኤ ቀለዱ ሊሉን ነው። ቀኑን ለውጪልኝ።»

ውሃውም አርባ ቀን ስለዘነበ፣ አርባ ከታሪኩ ጋር የሚሄድ መሰለኝ።

3.

ይህ አምና ነው። ባሌ ልዑልሰገድ «ከውግዘት አዳንሻቸው» ብሎ ሳቀብኝ። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ሶልያና ያን ክፍል ደጋግማ አየችው።

4.

(ሐኪሙ ስለ ልዑልሰገድ ያለኝ እዚህ ይገባ ነበር።)

5.

የቃል ምልልስ። ዛሬ ጠዋት፣ ሳሎን። ዘነቡ የባሌ እኅት ናት።

ሶልያና፦ አክስቴ፣ ድንኳኑ ለምንድን ነው?

ዘነቡ፦ ነገ የአባትሽ አርባ አይደል የኔ እናት።

ሶልያና፦ ሰው ሁሉ ይመጣል?

ዘነቡ፦ ማን ይቀራል! እድርተኛው፣ ካህናቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች።

ሶልያና፦ (እየዘለለች) አውቄዋለሁ! አርባ ነው! አባዬ ግን ክንፍ ስለሌለው በታክሲ ነው የሚመጣው።

ዘነቡ፦ ኧረ ዝም በይ! ትርሲት፣ ምን አስተማርሻት?

6.

ይህን የምታነቡ፣ እንዲህ አድርጉ።

የልጅቷን ክፍል ክፈቱ። አልጋው ላይ የተዘረጋውን የወንድ ሸሚዝ አትንኩ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሰመሩትን መስመሮች አትቁጠሩ።

እኔ ቆጥሬያለሁ።

ሠላሳ ዘጠኝ።

7.

ማስተካከያ፦ በመጨረሻው ክፍል «በአርባኛው» የተባለው «በሦስተኛው» ተብሎ ይታረም።

አይረዳም። ሦስተኛውም አልፏል።

8.

ማስተካከያ፦ ንጉሡ አይነሣ።

ይህንን ለአቶ ምንተስኖት ደውዬ ነገርኳቸው።

«ትርሲትዬ፣ ፊልሙን መቀየር ይቻላል። ልጅቷን ማን ይነግራታል?»

9.

ግቢው ውስጥ የድንኳኑን ብረት እየቀጠቀጡ ነው። ሶልያና ከቤት አንድ ወንበር ጎትታ አውጥታ ከፊት አኖረችው፤ ዘነቡ ልትቀማት ስትል ጮኸች።

«የአባዬ ነው! እማዬ፣ ማንም እንዳይቀመጥ በያቸው!»

ሰዎቹ መቀጥቀጡን አቆሙ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ሄጄ ፊቷ ተንበረከክኩ።

«ሶሊ፣ ስሚኝ። አባዬ ነገ…»

 

10.