ከባንኮኒው ሥር የተደበቀው ጌምፓድ

«የለም በላት። አልቋል በላት። ይኼ እኮ ክፉ ውሸት አይደለም፤» አሉ አያትየዋ፣ ከባንኮኒው በላይ አንገታቸውን አስግገው።

ባለ ሱቁ ሁለት ብሎን በከንፈሩ ይዞ የተበላሸ ራዲዮ እየፈታ ነበር። አፉ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ በሙሉ «ብሎን» ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም የረሳው ይመስላል። ብሎኖቹን መዳፉ ላይ ተፋና አያቸው።

«እማማ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። የሌለኝን አለኝ ማለት እንጂ ያለኝን የለኝም ማለት አልለመድኩም።»

«ለአንድ ቀን ልመድ።»

«ትናንት የልጅ ልጅዎ በስልክ ጠይቃኝ አንድ ጌምፓድ ቀርቷል ብያታለሁ እኮ።»

«ተሸጠ በላት። ዕቃ አይሸጥም እንዴ? ደግሞ ሳጥኑን ከገዛች ትርፉ ላንተ ነው።»

ሳጥኑ የሚሉት መደርደሪያው ላይ ያለውን፣ በጌምፓድ ፈንታ ጌም የሚጫወቱበትን አርኬድ ስቲክ ነው። የትሪ ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ሳጥን ነው፤ በግራ በኩል ጫፉ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ዘንግ ቆሞበታል፣ በቀኝ በኩል ስምንት ትልልቅ ክብ አዝራሮች ተደርድረውበታል። ጌምፓዱ በሁለት መዳፍ ይያዝና ሥራው ሁሉ አውራ ጣት ላይ ይወድቃል። በሳጥኑ ግን ዘንጉን ሙሉ እጅ ያዞረዋል፣ አዝራሮቹን ደግሞ ጣቶች ተካፍለው ይመቷቸዋል። ይህን ያስረዳቸው ባለፈው ሳምንት ራሱ ብሎን ነበር። አሁን ምላሴን በቆረጠው የሚል ፊት ነበረው።

«እኔ ምንም አልሰማሁም፤» አለ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ። የፊዚክስ መምህሩ ነው። ትምህርት ቤት እንደተለቀቀ እጅጌው ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ ሳያራግፍ እዚህ መጥቶ የድብድብ ጌም ይጫወታል።

«ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንዳልሰማህ ሁን፤» አሉት።

የልጅ ልጃቸው ጸጉር ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ትጎነጉናለች፣ ከሥራ ስትመለስ የድብድብ ጌሟን ትከፍታለች፤ በሁለቱም የምትጨክነው በዚያው በግራ አውራ ጣቷ ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ያለው ጅማት አበጠ። ሐኪሟ አይታ «አሳርፊው፤ ካላረፈ መጨረሻው ቀዶ ጥገና ነው» አለቻት። እሺ አለች። እሺ አለች እንጂ አላሳረፈችም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ የዚሁ ጌም ውድድር አለ። አምና ለፍጻሜ አንድ ጨዋታ ሲቀራት ተሸንፋ ወጥታ፣ ዓመቱን ሙሉ ያችን አንዲት ጨዋታ ስታመነዥክ ነው የከረመችው።

አያትየዋ ስለ ጌም አያውቁም። ስለ እጅ ግን ያውቃሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርተዋል፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት እንዲያውም አዲስ ገቢዎችን ሲያሠለጥኑ ነበር። ዛሬ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ጠዋት ጠዋት የሹራባቸውን ቁልፍ የምትቆልፍላቸው ልጅቷ ናት። ታዲያ አጎንብሳ ስትቆልፍ ፊቷ በሕመም ቅጭም ሲል ያዩታል፤ እሷ ያላዩ ይመስላታል። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ በሆዳቸው፣ ይሉና ደግሞ ክፉ እንዳሟረቱ ሁሉ ምላሳቸውን ይነክሳሉ።

ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ማክሰኞ ልጅቷ ሥራ ላይ እያለች ጌምፓዷን አንስተው አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ነካ ነካ ቢያደርጉት ደረቅ ሆነባቸው። ደረቅ ነገር ደግሞ ጣት ይጎዳል። የስፌት መኪና ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ሁለት ጠብታ ዘይት። ጠብ ጠብ አደረጉበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወሉት፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቦታው መለሱት። ልጅቷ ከሥራ ገብታ ስትከፍተው፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ተዋጊ ማንም ሳይነካት ወደ ኋላ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረች።

«እማዬ፣ ይኼን የነካው ሰው አለ?»

ነገሯት። ልጅቷ ጌምፓዱን አሸተተችው። ትንሽ ዝም አለችና «ምንም አይደለም፣ አዲስ እገዛለሁ» አለች። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ከሕፃንነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ስትቆጣም ስትስቅም ያውቁበታል፣ ዝም ስትል ግን መላው ይጠፋቸዋል።

በማግሥቱ ግን ሐዘናቸው ውስጥ አንድ ሐሳብ ሽው አለ። አሮጌው ጌምፓድ ሞቷል። አዲስ ካጣች ሳጥኑን መግዛቷ አይቀርም። ሳጥኑን ከገዛች ጣቷ ያርፋል። ይኸው ነው ልጅቷ ከሥራ ሳትወጣ ዛሬ እዚህ ያስገኛቸው።

ብሎን በረጅሙ ተነፈሰ። ጌምፓዱን ከነካርቶኑ ከመደርደሪያው አወረደና ከባንኮኒው ሥር አስገባው። «ኃጢአቱ የእርስዎ ነው፤» አለ።

«የኔ ነው። ይኼን ሁሉ ዕድሜ የተሸከምኩ እሱ አያቅተኝም።»

ልጅቷ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን መጣች። አንጓዋ ላይ ሐኪሟ ያሠረችላት ፋሻ አለ፤ የጸጉር ቅባት ነክቶት ጠርዙ ጠቁሯል። አያቷን ስታይ ቅንድቧን አነሳች።

«አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ሳልፍ ገባሁ። እግሬን ላሳርፍ።»

«ሳልፍ? ቤታችን በዚያ በኩል ነው እኮ።» ወደ ብሎን ዞረች። «ያን ጌምፓድ አውጣልኝ።»

ብሎን መዳፉ ላይ ያሉትን ብሎኖች አተኩሮ አየ። «አልቋል።»

«ትናንት አለ ብለኸኝ?»

«ዛሬ ጠዋት ሰው ወሰደው። ለልጄ የልደት ስጦታ ነው አለ። መነጽር ያደረገ ሰውዬ ነው። ትንሽ ያነክሳል።»

አያትየዋ በዓይናቸው ተቆጡት። ዋሽ ቢሉት ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። መምህሩ ጥግ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

ልጅቷ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ሌሎች ጌምፓዶች አሉ። አንስታ አውራ ጣቷ የሚያርፍበትን የመስቀል ቅርጽ ያለውን አዝራር እየጫነች መለሰቻቸው፤ አንዱ ይጠጥራል፣ አንዱ ይንሸራተታል። በስድስት ዓመት እጇ የለመደው ያንኑ ዓይነት ነው፣ እሱን ደግሞ ከብሎን በቀር የሚያመጣ የለም።

«ሳጥኑንስ ለምን አትሞክሪውም?» አሉ አያትየዋ፣ ነገሩ ገና አሁን ትዝ እንዳላቸው ሆነው።

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ብሎን ሳጥኑን አወረደላት፤ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አኖረችው። መምህሩ የራሱን የቆየ ሳጥን አመቻቸ።

የመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ ዘንጉን ጨምድዳ ይዛ ወደፊት ስትል ተዋጊዋ ትዘላለች፣ ዝለይ ስትላት ታጎነብሳለች። መምህሩ እየሳቀ ጣላት።

«እንዳይሰርቁሽ ነው እንዴ እንደዚህ ጨብጠሽ የያዝሽው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምተሻል?»

«ዝም ብለህ ተጫወት መምህር።»

ሁለተኛውንም ተሸነፈች። አያትየዋ ግን ስክሪኑን አላዩም። ሲያዩ የነበረው ትከሻዋን ነው፤ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ክርኗ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንጓዋ ያለ ልክ ታጥፏል። እንደዚህ የሚቀመጡ ስንት ልጆች አሠልጥነዋል። ተነሡና ሌላ ወንበር ጎተቱ።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ያኛው ዝቅ ይላል። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጊው። ክርንሽን ጣይው እናቴ። ጣይው ስልሽ፣ የማንም አይደለም፣ ያንቺው ነው። ዘንጉን በጣቶችሽ ያዢው፣ እንደ ብርጭቆ። አትግፊው፤ ጨርቅም ሲገፉት ይጨማደዳል። ምሪው ብቻ።»

ብሎን ሥራውን ትቶ ይመለከታል። ልጅቷ ትከሻዋን ጣለች። በሦስተኛው ጨዋታ ተዋጊዋ ያሏትን መስማት ጀመረች። በአራተኛው መምህሩ መሳቁን ተወ። አምስተኛውን በጥቂት ምት ብቻ ተሸነፈች። የአያትየዋ ልብ ሞቅ አለ፤ አውራ ጣቷ ዘንጉ ላይ ለስሙ ተደግፏል እንጂ ምንም አይሠራም። ሥሩ አበጥ ያለው ያ ጅማት አርፏል።

«አመመሽ?» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ ጨበጥ ዘርጋ አደረገችው። «አላመመኝም። ለእጄስ ደግ ነገር ነው።»

«አላልኩሽም?»

«ምን አልሽኝ? ሳልፍ ገባሁ ነው ያልሽኝ።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። «ለቅዳሜ አይሆነኝም እንጂ። እዚያ እንደ መምህር የሚስቁ ሰዎች አይደሉም የሚመጡት።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤» አለ መምህሩ።

«እስከ ቅዳሜ እግር ያወጣል?»

መምህሩ ወደ ጨዋታው ዞረ። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና በአንድ ጣት፣ በቀኟ፣ መጻፍ ጀመረች።

«ለማን ነው?» አሉ አያትየዋ።

«ለአዘጋጆቹ። ስሜን ከውድድሩ እንዲያወጡት። ዛሬ ካላሳወቅኩ ቦታው ይባክናል፤ ተጠባባቂ ልጆች አሉ።» ድምፅዋ የተለመደው ድምፅዋ ነበር። ማክሰኞ ጌምፓዱን አሽትታ «ምንም አይደለም» ያለችበት ድምፅ።

አያትየዋ የፈለጉት ሁሉ ሆኖላቸዋል። ከፈለጉትም በላይ ሆኖላቸዋል። ጣቷ ቅዳሜንም ያርፋል። ታዲያ ለምን ደስ አላላቸውም? አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ አዩዋት፤ አንዱን ፊደል ተሳሳተችና አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈችው። ማንንም አልወቀሰችም። ዘይቱን አላነሳችም። ብታነሳ ኖሮ መልስ ነበራቸው፤ ሲያዘጋጁት ነው የሰነበቱት።

ብሎን አያትየዋን አየ። አያትየዋ ወለሉን አዩ።

«አትላኪው፤» አሉ።

«ምን?»

«አንተ፣ አውጣላት ያን ነገር።»

ብሎን አልጠበቀም። ካርቶኑን ከባንኮኒው ሥር መዝዞ መስታወቱ ላይ አስቀመጠው። መምህሩ የጌሙን ሙዚቃ ቀነሰው።

ልጅቷ ካርቶኑን አየች። ቀጥላ ብሎንን አየችው። «የሚያነክሰው ሰውዬ መልሶት ነው?»

«እኔን አትጠይቂኝ፤» አለ ብሎን። ብሎኖቹን መልሶ አፉ ውስጥ ከተታቸው።

«እኔ ነኝ ደብቅ ያልኩት፤» አሉ አያትየዋ። «ሳጥኑን እንድትገዢ ብዬ ነው። እሱ እንኳ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

«ዘይቱስ? ዘይቱንም ሆን ብለሽ ነው?»

«አይደለም። በቁሜ ልሙት፣ ዘይቱ ስህተት ነው። ይኼ ግን ስህተት አይደለም፤ አስቤበት ነው ያደረግኩት።»

ልጅቷ የፋሻዋን ጠርዝ በጥፍሯ ፈታች፣ መልሳ አጣበቀችው። «ቅዳሜ በጌምፓድ ብጫወት እጄ ይብሳል አይደል?»

አያትየዋ ፋሻዋን አዩ። «ይብሳል።»

«ታዲያ ለምን አወጣሽው?»

«እኔ እንጃ። ስትጽፊ አይቼ አላስቻለኝም።»

ልጅቷ ካርቶኑን ከፍታ ጌምፓዱን በአንድ እጇ ያዘች። ሌላውን እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ብላ የአያቷን ፊት አየች። ልጅ ሆና መንገድ ስትሻገር እንዲሁ ነበር የምታያቸው፤ ልሂድ ወይስ ልቁም የሚለውን እፊታቸው ላይ ለማንበብ። አያትየዋ ፊታቸው የሚለውን ያውቁታል። መደበቅ አይችሉበትም፤ ዕድሜ ልካቸውንም ችለውበት አያውቁም።

«እኔ ውጪ ልጠብቅሽ፤» አሉና ወጡ።

ደጁ ላይ ጀርባቸውን ለሱቁ ሰጥተው ቆሙ። መንገዱ ላይ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይጎርፋል፤ አንዷ እናት ልጇን በእጅዋ ይዛ እየጎተተች አለፈች። ከኋላቸው የብሎን ድምፅ ይሰማል፣ ምን እንደሚል ግን አይለይም። ዞር ልበል አሉ፣ አልዞሩም። የማይታጠፉትን ጣቶቻቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ቆዩ።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ የያዘችው ፌስታል ትንሽ ነበር፤ ከጌምፓዱ ካርቶን በቀር አይዝም።

አያትየዋ ፌስታሉን አዩ። ጎን ለጎን ሆነው መሄድ ጀመሩ። መታጠፊያው ላይ ደረሱ።

«ሳጥኑን እስከ ሰኞ አስቀምጥልኝ ብዬዋለሁ፤» አለች ልጅቷ። «እገዛዋለሁ አላልኩም። አስቀምጥ ነው ያልኩት።»

«እኔ ምን ወጣኝ።»

«ስታስቢ ይሰማል እማዬ።»

ጥቂት እንደ ሄዱ አያትየዋ አላስቻላቸውም። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«እንግዲያው ነገ ጸጉር ቤት አትገቢም። ቅዳሜ የምትለፊው ይበቃሻል፤ ነገ እጅሽ ይረፍ። አሁኑኑ ለአሠሪሽ ደውዬ አሟታል እላታለሁ፣ ልጅቷ ትኩሳት...» ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው የጸጉር ቤቷን ባለቤት ቁጥር መፈለግ ጀመሩ።

ልጅቷ ቆመች። ዞራ አየቻቸው።

አያትየዋ ቁጥሩን አግኝተውታል። ጣታቸው ስልኩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ቀስ ብለው ስልኩን ወደ ቦርሳቸው መለሱት፣ ቦርሳውንም ዘጉት።

«ከፈለግሽ አንቺው ደውይላት፤» አሉ።